ገበጣ በብሮውዘር፦ ጠጠሩ መቼ ይቆማል?

ኔትወርክ ሲጠፋ ጉግል ክሮም ላይ ብቅ የምትለዋን ትንሽ ዳይኖሰር ሳታውቋት አትቀሩም። ስክሪኑን ስትነኩ ትሮጣለች፣ ቁልቋሉን ትዘላለች፣ ከተጋጨች ጨዋታው አለቀ። ክሮም ውስጥ የገባችው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እሷን ለመጫወት ምንም አላወረዳችሁም፣ ምንም አልጫናችሁም፤ ድረ ገጽ የምታዩበት ያው ብሮውዘር ራሱ ያስኬዳታል። የብሮውዘር ጨዋታ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት ኩባንያ ማቋቋም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ እንደሠራው «ኩኩሉ» ዓይነት፣ ዶሮዋ አምልጣ የምትሮጥበት ባለ ሦስት ገጽታ ጨዋታ ከፈለጋችሁ አዎ፣ ሠዓሊም ፕሮግራመርም ያለበት ቡድን ያስፈልጋችኋል። «ወርድል» የተባለው የቃላት ጨዋታ ግን የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ጆሽ ዋርድል የሚባል የሶፍትዌር መሐንዲስ የቃላት ጨዋታ ለምትወደው የፍቅር ጓደኛው ብሎ ሠራው፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገዛው። እንደሱ ሚሊየነር ትሆናላችሁ እያልኩ አይደለም! ሐሳቤ ሌላ ነው።

እኔ ድሬዳዋ የምኖር፣ ምህንድስና ያጠናሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የምርምር ሥራ ክፉ ጠባይ አለው፤ ዛሬ የሠራችሁት ነገር ትክክል መሆን አለመሆኑን የምታውቁት ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጨዋታ ስትሠሩ ግን አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ገጹን ታድሳላችሁ፣ ውጤቱ በሰከንድ ውስጥ ፊታችሁ ነው። ለእኔ የአእምሮ ዕረፍት የሆነኝ ይሄ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ በርትቶ የድሬ ሱቆች ግማሹን በር ሲዘጉ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ገበጣ እሠራለሁ። ገበጣን የመረጥኩት ቀላል መስሎኝ አይደለም፤ ሁላችንም የምናውቀው እየመሰለን፣ ለኮምፒውተር ልናስረዳው ስንነሳ ግን ብዙ ጥያቄ የሚያመጣ ጨዋታ ስለሆነ ነው።

አንድ ፋይል ይበቃል

ኮምፒውተር ካላችሁ ኖትፓድን ክፈቱ። ከሌላችሁ ስልክ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ አፕ ይበቃል። የምትጽፉትን ስሙ መጨረሻ ላይ «ነጥብ ኤችቲኤምኤል» የሚል ቅጥያ ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ ፋይሉን ስትከፍቱት ብሮውዘሩ ይነሳል። በዚህች አንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ነገር አብሮ ይኖራል። ኤችቲኤምኤል የቤቱ ግድግዳ ነው፤ ገጹ ላይ ምን እንዳለ ይናገራል። ሲኤስኤስ ቀለሙ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ መብራቱ፤ ስትነኩት አንድ ነገር እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነው። ፎቶና ቪዲዮ ስለሌለበት መላው ጨዋታ ስልካችሁ ከሚያነሳው አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ያንሳል። በብሉቱዝ ለጓደኛ ትልኩታላችሁ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ዳታ ሳትቆጥሩ መጫወት ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የማያውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጃቫስክሪፕት ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፉም፣ እናንተ ለነገሮች የምትሰጧቸውን ስሞች ግን በእኛው ፊደል መጻፍ ትችላላችሁ። ቀጥሎ ያለው መስመር እንዳለ የሚሠራ ኮድ ነው፦

ጉድጓድ = (ጉድጓድ + 1) % 12

ይህን መስመር ከያዛችሁ የገበጣን ግማሽ ይዛችኋል። እንዴት? እኔ የሠራሁት ገበጣ ሁለት ረድፍ አለው፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፤ በድምሩ 12። ለኮምፒውተሩ ረድፍ የሚባል ነገር የለም። ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ቁጥር ሰጥተን እንደ ክብ እንደረድራቸዋለን፤ ከ0 እስከ 5 ያሉት የእኔ፣ ከ6 እስከ 11 ያሉት የእናንተ። የመቶኛ ምልክት የሚመስለው ነገር እዚህ ላይ መቶኛ አይደለም፤ «አካፍለህ ቀሪውን ስጠኝ» ማለት ነው። 11 ላይ ቆማችሁ አንድ ብትጨምሩ 12 ይሆናል፤ 12ን ለ12 ስታካፍሉት ቀሪው 0 ነው፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ተመለሳችሁ። ሰዓት ላይ ከ12 ቀጥሎ 13 ሳይሆን 1 እንደምንለው ነው። ቀሪ የሚባለውን ነገር አንደኛ ደረጃ ላይ ስንማር «ይሄ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» ያላችሁ ካላችሁ፣ መልሱ እነሆ።

ጠቅላላ ጨዋታው 15 ቁጥሮች ብቻ ነው፤ 12ቱ በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር ይነግሩናል፣ ሁለቱ እያንዳንዱ ተጫዋች የበላውን፣ የመጨረሻው ተራው የማን እንደሆነ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቀለም፣ ክብ፣ ጥላ ሁሉ የእነዚህ 15 ቁጥሮች ልብስ ነው።

የማን ገበጣ?

እዚህ ድረስ ቀላል ነበር። አሁን ሕጉን ጻፉ ስትባሉ ነው ጉዱ።

አንድ ቀን ካፌ ተቀምጠን «ገበጣ እንዴት ነው የሚጫወቱት?» ብዬ ጓደኞቼን ጠየቅኳቸው። መጋላ ያደገው በየጉድጓዱ አራት ጠጠር አለ። ሳቢያን ያደገችው «ሦስት ነው እንጂ!» አለች። ከሐረር የመጣው ደግሞ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ያንን አንስቶ መቀጠል እንዳለበት ማለ፤ ሌላው «አቦ፣ እንደሱማ ከሆነ ተራ መቼ ይደርሰኛል?» ብሎ ሳቀበት። ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ፣ ፊት ለፊት ያለውን መብላት ይቻላል ወይስ አይቻልም፣ አንዱ ወገን ባዶ ሲሆን የተረፈው የማን ነው... ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ አላለቀም።

ይሄ የእኛ ጠረጴዛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ ዘመዶቹ ረጅም ጥናት አሳትመዋል። በየአካባቢው የሚዘወተሩ ከመቶ በላይ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፤ የጠጠሩ ቁጥር ይለያያል፣ አበላሉ ይለያያል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን «ላይሊ ጎባላይ» የሚሉት ጨዋታም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ መንገድ ላይ በሚሰማባት ድሬ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሕጎች በየቀኑ ይገናኛሉ።

ልጆች ይህን ችግር እንዴት ይፈቱታል? በወሬ። አፈሩን ቆፍረው ጠጠሩን ከመደርደራቸው በፊት «በእኛ ሰፈር ነው የምንጫወተው፣ እሺ?» ይባባላሉ፤ መሐል ላይ ያልተጠበቀ ነገር ከመጣ ተጨቃጭቀው ይስማማሉ። ኮምፒውተር ግን አይጨቃጨቅም። ያልተነገረውን አይገምትም፣ የተነገረውን ደግሞ አይለቅም። ስለዚህ የመጋላውን ሕግ ብቻ ጽፌ ጨዋታውን ብለቀው፣ የሳቢያኗ ልጅ ሦስት ጠጠር ልደርድር ስትል ስክሪኑ እምቢ ይላታል። ታናሽ ወንድሟ ገበጣን መጀመሪያ ያወቀው በስልክ ከሆነ ደግሞ አያቱን «አይደለም፣ ተሳስተሻል» ሊላት ነው። ስክሪን ላይ የተጻፈ ነገር እውነት የመምሰል ኃይል አለው። ለመዝናኛ የተጀመረች ትንሽ ፋይል የአያቶችን ሕግ ስህተት ልታደርግ ትችላለች ማለት ነው፤ እኔ ይሄን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

መሐንዲሶች ለዚህ የቆየ መድኃኒት አለን፤ የሚለዋወጠውን ነገር ኮዱ ውስጥ አትቅበረው፣ አውጣው። የእኔ ገበጣ ከመጀመሩ በፊት አራት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ጠጠር (3 ወይስ 4)፣ ወደየት (ቀኝ ወይስ ግራ)፣ የመጨረሻው ጠጠር ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ (ይቀጥላል ወይስ ይቆማል)፣ እና አበላሉ ከሦስት ዓይነት የትኛው ይሁን። 2 ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ3፦ 24 የተለያየ ገበጣ ከአንድ ፋይል። የፓንክረስትን መቶ አያህልም፤ ግን ካፌ ውስጥ የነበሩት ሁሉ የየራሳቸውን አግኝተውበታል። ጥያቄው ላይ «ትክክለኛው ሕግ» የሚል ቁልፍ የለም፤ «በእናንተ ሰፈር እንዴት ነው?» ነው የሚለው።

አንድ ሐዲድ

ኮምፒውተሩ 26 ጠጠር ለመዝራት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ችግሩም ይኸው ነው። ጉድጓዱን ትነካላችሁ፣ ሰሌዳው ብልጭ ብሎ ይለወጣል፣ ምን እንደተፈጠረ አታዩም። ገበጣ ደግሞ ያለ እጅ እንቅስቃሴ ገበጣ አይሆንም። ስለዚህ ማዘግየት ያስፈልጋል። በየጠጠሩ መሐል «ትንሽ ጠብቅ» ብንለውስ?

ይሄን ለመረዳት ወደ ለገሀር እንሂድ። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም የተወለደችው በእሱ ነው። ያ አሮጌው መስመር አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ ሐዲድ ነበር። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት መተላለፍ አይችሉም፤ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ገለል ይላል፣ ሌላው ያልፋል። መሐል መንገድ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ የቆመ ባቡር መስመሩን በሙሉ ያቆመዋል።

የብሮውዘር ገጽም እንዲሁ ነው። የእናንተ ኮድ፣ ስክሪኑን የሚሥለው ሥራና የጣታችሁ ንክኪ የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። አብዛኛው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ ማለትም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ የሥዕሉ ባቡር ማለፍ አለበት። ኮዳችሁ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ከጠበቀ ሥዕሉም ንክኪውም ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ገጹ ይደርቃል። ትክክለኛው ዘዴ ጣቢያ መግባት ነው፦ አንድ ጠጠር ጣል፣ ለብሮውዘሩ «ከ300 ሚሊሰከንድ በኋላ ጥራኝ» በለው፣ ሐዲዱን ልቀቅ። ሲጠራህ የሚቀጥለውን ጣል። በዚህ ፍጥነት 26 ጠጠር 7.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ለዓይን ደስ የሚል ፍጥነት ነው፣ ገጹም በመሐሉ ሕያው ነው።

26 የምትለው ቁጥር ከየት መጣች? ወደ እሷ ልወስዳችሁ ነበር።

የማይቆም እጅ

የሐረሩን ልጅ ሕግ እንውሰድ። ከአንድ ጉድጓድ ሁሉንም ጠጠር ታነሳላችሁ፣ ቀጥሎ ባሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ትዘራላችሁ። የመጨረሻው ጠጠር ቀድሞ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ የዚያን ጉድጓድ ሁሉ አንስታችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ትቆማላችሁ። በ12ቱም ጉድጓዶች አራት አራት ጠጠር አድርጋችሁ ከፈለጋችሁት ጀምሩ። እጃችሁ አምስት ጊዜ ያነሳል፦ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6። በድምሩ 26 ጠጠር ከዘራችሁ በኋላ ባዶ ጉድጓድ ላይ ትቆማላችሁ። ሽምብራ ወይም ባቄላ አምጡና ሞክሩት።

በሦስት ሦስት ብትጀምሩስ? አራት ጊዜ ታነሳላችሁ፣ 15 ጠጠር ትዘራላችሁ። በአምስት አምስትስ? «ጠጠሩ ሲበዛ ጉዞው ይረዝማል» ብላችሁ ከገመታችሁ ተበላችሁ! ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምታነሱት፤ 17 ጠጠር ዘርታችሁ ቆማችሁ። ሕጉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ውጤቱን ግን በዓይን መገመት አይቻልም።

ታዲያ አንድ መሐንዲስ ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ሁልጊዜ ይቆማል ወይ? ኮዱ «ባዶ እስክታገኝ ቀጥል» ነው የሚለው። ባዶ ካላገኘስ?

ሦስት ጉድጓድ ብቻ በክብ ቆፍሩ። በመጀመሪያው 2 ጠጠር፣ በሁለተኛው 0፣ በሦስተኛው 1 አድርጉ። ከመጀመሪያው ሁለቱን አንሱ፤ ሁለተኛው 1 ይሆናል፣ ሦስተኛው 2። የመጨረሻው ጠጠር የወደቀው ባዶ ያልነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሉ። ከሦስተኛው ሁለቱን አንሱ፤ መጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 2። አሁንም ባዶ አልነበረም። ከሁለተኛው ሁለቱን አንሱ፤ ሦስተኛው 1፣ መጀመሪያው 2። ሰሌዳውን እዩት፦ 2፣ 0፣ 1። ከጀመርንበት ነን፣ እጃችንም የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ነው። በሦስት ጠጠር እስከ ማታ ልትዞሩ ትችላላችሁ።

«ይሄ የሦስት ጉድጓድ ጨዋታ ነው፣ በእውነተኛ ገበጣ አይሆንም» የሚል ካለ፣ እነሆ ባለ 12 ጉድጓዱ። በክብ ቅደም ተከተል እንዲህ ደርድሩ፦

5፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ 4፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ 4፣ 2

ድምሩ 27 ጠጠር ነው። ከ5ቱ ጀምሩ። የመጨረሻው ጠጠር 4 ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና እሱም 5 ይሆናል። አሁን ከዚያ ጉድጓድ ጀምራችሁ ሰሌዳውን አንብቡት፦ 5፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ 4... ያው ነው! ሰሌዳው አምስት ጉድጓድ ወደፊት ዞረ እንጂ አልተለወጠም። 12 ጊዜ ስታነሱ፣ 60 ጠጠር ስትዘሩ፣ ሰሌዳውን አምስት ዙር ስትዞሩ ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ወደ መነሻው ይመለሳል። ከዚያ እንደገና። ዛንዚባር ላይ በሚወደደው ባኦ በተባለው የገበጣ ዘመድም የማያልቅ እርምጃ እንዳለ ይታወቃል።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «ኧረ በቃ!» ብሎ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ ግን አይሰለቸውም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ይዘራል። ማዘግየቱን ትታችሁ በአንድ ትንፋሽ እንዲዘራ ካዘዛችሁት ደግሞ ያ ባቡር ሐዲዱን ይዞ ይቀራል፣ ገጹ ይደርቃል።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መፍትሔ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ ሺህ ጊዜ ካነሳህ በቃ አቁም። ይሠራል፣ እኔ ግን አልወደውም። ለምን ሺህ? የሚያምረው መፍትሔ የሚመጣው አንድ ነገር ስታስተውሉ ነው፦ መዝራት ወደ ኋላ ሊጫወት ይችላል። የመጨረሻው ጠጠር የወደቀበትን ጉድጓድ ካወቃችሁ፣ ከእሱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ከየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር ልቀሙ። ባዶ ጉድጓድ ጋ ስትደርሱ ቁሙ፤ የተነሳው ከዚያ ነው፣ የለቀማችሁትን መልሱበት። ሌላ ሊሆን የሚችል መነሻ የለም። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ሁኔታ አንድ «ትናንት» ብቻ ነው ያለው።

ይሄ ምን ይጠቅማል? የጠጠሩን ጉዞ እንደ መንገድ ሣሉት። የጉድጓዱም የጠጠሩም ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ የማይቆም ጉዞ አንድ ቀን ያየውን ሁኔታ መድገሙ ግዴታ ነው። ሲደግም ግን መንገዱ እንደ 9 ቁጥር፣ ጭራ ያለው ዙር ሊሆን አይችልም። ለምን? ጭራው ከዙሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንድ ሁኔታ ሁለት «ትናንት» ሊኖረው ነዋ፤ አንዱ ከጭራው፣ አንዱ ከዙሩ። እሱ ደግሞ እንደማይቻል አሁን አየን። ስለዚህ መንገዱ እንደ 0 ነው፤ የማይቆም ጉዞ የግድ ወደ መነሻው ራሱ ይመለሳል። ኮዱ በመንገድ ላይ ያየውን ሁሉ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ መነሻውን ብቻ ይይዝና ባነሳ ቁጥር ያወዳድራል። 12 ቁጥርና የእጅ ቦታ፤ በቃ። ከተመሳሰለ መቼም አይቆምም።

ከዚያስ ምን ይደረግ? ይሄን ሒሳቡ አይመልስላችሁም። ተራው ይለፍ? ሌላ ጉድጓድ ይምረጥ? የሐረሩ ጓደኛዬ «ያሸነፈ ይባል!» ነበር ያለው፤ ለራሱ ሲያደላ። እኔ ሰሌዳው እንደነበረ ስለተመለሰ ተጫዋቹ ሌላ ጉድጓድ እንዲመርጥ አደረግኩ። አምስተኛ ጥያቄ ሆኖ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ ካላችሁ ግን አልቃወምም፤ ያኔ 24ቱ 48 ይሆናሉ።

ተቃዋሚው

ብቻችሁን ስትሆኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጫወታችሁ። ሰነፉ ዘዴ ስድስቱንም ጉድጓድ በሐሳቡ ሞክሮ ብዙ የሚያስበላውን መምረጥ ነው። ብልሁ ደግሞ «እኔ ይህን ባደርግ እሱ ምን ያደርጋል፣ ከዚያ እኔስ?» እያለ ይቆፍራል። በየተራው ስድስት ምርጫ ቢኖር ስድስት እርምጃ ወደፊት ማየት 46,656 መንገድ ነው፤ ስምንት እርምጃ 1,679,616። ስልክ እስከ ስድስቱ ድረስ ሳይጨነቅ ይሄዳል።

እስከ መጨረሻው መቆፈርስ? አዋሪ የሚባል የምዕራብ አፍሪካ የገበጣ ዘመድ አለ፤ እሱም 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ነው፣ ሕጉ ግን ይለያል። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል የተባሉ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች 144 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር 889 ቢሊዮን ገደማ የሰሌዳ ሁኔታዎችን መርምረው መልሱን አገኙ። ሥራው 51 ሰዓት ፈጀ። ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ እኩል ይወጣሉ።

የእኔ ተቃዋሚ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሆን ብዬ ነው። ሙቀት ላይ ሊያርፍ የተቀመጠ ሰው በስልኩ መዋረድ አይፈልግም።

ጨዋታውን ለጎረቤታችን ለአንድ አዛውንት ሰጥቼ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሕጉ አልነበረም። «አቦ ልጄ፣ ይሄ ጠጠር ድምፅ የለውም እንዴ?» አሉኝ። ብሮውዘር በኮድ ብቻ አጭር የ«ጠቅ» ድምፅ ማመንጨት ይችላል፣ የድምፅ ፋይል አያስፈልገውም፤ እሱን ጨመርኩላቸው። ሁለተኛው አስተያየታቸው የበለጠ ገባኝ። ጉድጓዶቹ ላይ የጠጠሩን ብዛት በቁጥር ጽፌ ነበር፤ «ይሄን አጥፋው፣ ዓይኔ ምን ሊሠራ ነው?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ጠጠሩን በዓይን መገመት የጨዋታው ችሎታ ነው። አሁን ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው፣ ቁጥሩ የሚመጣው ጉድጓዱን ተጭናችሁ ስትቆዩ ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት በእጃችሁ የምትሠሩት አንድ ነገር ልተውላችሁ። አምስት ጉድጓድ በክብ ቆፍሩ፣ አራት ጠጠር ያዙ። የማይቆም አሰላለፍ አለው። መነሻው ጉድጓድ ውስጥ 2 ጠጠር አለ፤ የቀሩትን ሁለቱን የት የት ትጥሏቸዋላችሁ?